«ቃሉ ወቀሰኝ» እና «ታደስኩ»፦ እምነት ሲነካን የምንላቸው ቃላት

ጠያቂ (ሐዋሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ አንዲት እህታችን «የዛሬው ቃል በጣም ቻሌንጅ አደረገኝ» አለች። አጠገቧ የነበሩ አንድ አባት ሰምተው «ልጄ፣ ለዚህ አማርኛ ጠፋ?» አሏት። እዚያው በር ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ተግዳሮት ሆነብኝ» ይባል አለ። ሌላው «ፈተነኝ» አለ፣ ሌላው «ሞገተኝ»። ሳንስማማ ተለያየን።

እምነት ሰውን መጀመሪያ ይነቀንቀዋል፣ ከዚያ ያድሰዋል። አማርኛ እነዚህን ሁለቱን በምን ይጠራቸዋል? የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ የትኛውን ቃል የት እንዳስቀመጠ የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የአማርኛ መምህር (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ያነሣኸው ነገር እኔንም ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተግዳሮት ዛሬ በስብሰባና በሪፖርት የምንሰማው ቃል ነው። ግሱ ተገዳደረ ነው። 1ኛ ሳሙኤል 17ን ክፈት። ጎልያድ በእስራኤል ጭፍሮች ፊት ቆሞ የሚያደርገው መገዳደር ነው። የሚፈልገው አንድ ሰው መጥቶ እንዲወድቅለት ነው። በቃሉ ውስጥ ንቀት አለ፣ ዛቻም አለ። ወንጌል ሰው ፊት እንደዚያ አይቆምም። ስለዚህ «ቃሉ ተገዳደረኝ» ለእኔ አይጥመኝም።

ፈተና ደግሞ በጣም ሰፊ ነው። ተማሪውም ይፈተናል፣ ወርቁም በእሳት ይፈተናል። ያዕቆብ «ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባችሁ እንደ ሙሉ ደስታ ቍጠሩት» ሲል የሚያወራው ከውጭ ስለሚመጣ ነገር ነው። በሽታ ነው፣ ማጣት ነው፣ ስደት ነው። እህታችን ግን ምንም አልደረሰባትም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቃል ሰማች፣ ውስጧ ተነካ። ያ ሌላ ስም ይፈልጋል።

ሞገተ ወደ ነገሩ ይቀርባል። ሙግት ግን ረቺና ተረቺ አለው። ከችሎት ወጥተው በየፊናቸው ይሄዳሉ።

እኔ የምመርጠው ወቀሰ ነው። ያመጣሁትም ከራሴ አይደለም። ዮሐንስ 16፥8 ስለ መንፈስ ቅዱስ ሲናገር «እርሱም መጥቶ ስለ ኃጢአት ስለ ጽድቅም ስለ ፍርድም ዓለምን ይወቅሳል» ይላል። ተርጓሚዎቹ ይከሳል ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም።

ለምን እንዳላሉ ለመረዳት ቃሉን በቤታችን እንዴት እንደምንጠቀምበት ማሰብ ይበቃል። ሰው የሚወቅሰው ማንን ነው? ልጁን፣ ወንድሙን፣ ጓደኛውን። የማናውቀው ሰው ቢበድለን እንከሰዋለን ወይም እንተወዋለን። የቅርብ ሰው ሲሆን ግን «አንተማ እንዲህ አታደርገኝም ነበር» እንላለን። ይህ ወቀሳ ነው። ወቀሳ ያለው ዝምድና ባለበት ነው።

ሌላም አለ። ስለ ሞተ ሰው ጥፋት ስናወራ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንላለን። ለምን ነውር ሆነ? ሙት አይመልስማ። አይካስም፣ አይታረቅም፣ አይለወጥም። ወቀሳ የሚገባው መልስ ሊሰጥ ለሚችል፣ ገና ሊስተካከል ለሚችል ሰው ነው። እግዚአብሔር የወቀሰው ሰው በእግዚአብሔር ዓይን ሕያው ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። እሑድ ዕለት ቃሉ ቆንጥጦት ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ተስፋ የተቆረጠበት ሰው አይደለም።

አሁን ከሳሽ የሚለውን ቃል ፈልጉት። ራእይ 12፥10 ላይ ታገኙታላችሁ፦ «የወንድሞቻችን ከሳሽ»። ይህ የዲያብሎስ ስም ነው። መንፈስ ቅዱስ ወቃሽ፣ ዲያብሎስ ከሳሽ። ሁለቱም ኃጢአትህን ያሳዩሃል። አንዱ የሚያሳይህ እንድትመለስ ነው፣ ሌላው እንድትቀር። ብዙ አማኝ ወንድሞቼና እህቶቼ ሁለቱን ድምፅ መለየት አቅቷቸው ሲሠቃዩ አይቻለሁ። ሮሜ 8፥1 ላይ ኵነኔ የለባቸውም ተብሎ የተነገረላቸው ሰዎች ራሳቸውን ሲኰንኑ ያድራሉ። ኵነኔ የለም ማለት ግን ወቀሳ የለም ማለት አይደለም።

ግእዙ ላይም ተዋቀሠ አለ፤ ትርጉሙ ዳኛ ፊት መከራከር ነው። የአማርኛው ወቀሳ ከችሎት ወጥቶ ቤት ገብቷል። የችሎቱ ሽታ ግን ጨርሶ አልለቀቀውም። ኢሳይያስ 1፥18 ላይ ሁለቱም ይሰማሉ፦ «ኑና እንዋቀስ፥ ይላል እግዚአብሔር፤ ኃጢአታችሁ እንደ አለላ ብትሆን እንደ አመዳይ ትነጻለች፤ እንደ ደምም ብትቀላ እንደ ባዘቶ ትጠራለች።»

እንዋቀስ! «ልውቀሳችሁ» አላለም። እናንተም ተናገሩ፣ እኔም ልናገር ነው። ነቀነቃውና እድሳቱ ደግሞ በአንድ ቁጥር ውስጥ ናቸው። የጠየቅኸው ነገር በሙሉ እዚህ አለ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እህት (ሐዋሳ)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አለላ፣ አመዳይና ባዘቶ የዛሬ ልጆች ስለማያውቋቸው ጥቂት ልጨምር። እኔ ያደግኩት ጥጥ ከሚፈትሉ እጆች ሥር ነው።

አለላ ለስፌት የሚሆን በቀለም የተነከረ አክርማ ነው። መሶቡ ላይ፣ ሌማቱ ላይ ያለው ቀይ ጌጥ ማለት ነው። ቀለሙ ከላይ የተቀባ አይደለም። ሣሩ ከቀለሙ ጋር ተቀቅሎ ውስጡ ድረስ ገብቶበታል። ታጥቦ አይለቅም። ነቢዩ «ቆሻሻ ነክቷችኋል» ብቻ ማለቱ አይደለም፣ ዘልቆ ገብቷል ማለቱ ነው።

አመዳይን እኛ ሐዋሳ ያደግን ሰዎች አናውቀውም። ደጋ ላይ ጠዋት ሣሩን ነጭ የሚያለብሰው ውርጭ ነው።

ባዘቶ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ባዘቶ ሲባል ጥጥ ብቻ ይመስለዋል። ከማሳ የተለቀመ ጥጥ ባዘቶ አይደለም። ፍሬው አለበት፣ እንክትካች አለበት። መጀመሪያ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት በመታው ቁጥር የተቋጠረው ይፈታል፣ የተጣበቀው ይለያያል፣ አቧራው ይረግፋል። እንዲያ ተነድፎ፣ ተባዝቶ፣ ለእንዝርት የተዘጋጀው ነው ባዘቶ የሚባለው። «ትጠራለች» የሚለውም ከመጣራት ጋር አይገናኝም፤ «ሰማዩ ጠራ» እንደምንለው ነው።

እና መምህር እንዳሉት ነው። ሳይነደፍ የጠራ ባዘቶ የለም። እኔ ከአንዲት ዘመዴ ጋር ለረጅም ጊዜ ተኳርፌ በነበረበት ወቅት ይህ ቁጥር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ቂሜን ይዤ መዘመር አቃተኝ። ሄጄ ታረቅኋት። ከዚያ ወዲህ «ቃሉ አስደሰተኝ» ብቻ ሲባል ስሰማ፣ ሌላኛውንም ወገን ብንናገረው እላለሁ።

ጠያቂ

እህቴ፣ ባዘቶን እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር። ወቀሰ ገባኝ። እድሳቱስ? ጉባኤ ላይ «ታድሻለሁ»፣ «መታደስ ሆነልኝ» እንላለን። መታወቂያም ይታደሳል፣ ንግድ ፈቃድም ይታደሳል። ቃሉ አንድ ነው?

የአማርኛ መምህር

አንድ ነው። ሥሩ የግእዙ ሐደሰ ነው፤ አማርኛው አደሰ ይለዋል። ሐዲስ ኪዳን ያልነው፣ አዲስ አበባ ያልነው ከዚሁ ነው። በዕብራይስጡም በዐረብኛውም የቅርብ ዘመዶች አሉት።

መታወቂያው ያልከኝ ደስ ብሎኛል። መታወቂያህ ሲታደስ ስምህ አይቀየርም። ሌላ ሰው አትሆንም። ያው አንተ ነህ፣ የመቆያ ጊዜህ ግን እንደገና ተሰጠህ። ማደስ መተካት አይደለም። እምነትም ጠባይህን፣ ሳቅህን፣ አገርህን፣ ቋንቋህን ነጥቆ ሌላ ሰው አያደርግህም። ጴጥሮስ ከታደሰም በኋላ ችኩሉ ጴጥሮስ ነበር።

ሰዋስዉንም ልብ በሉት። 2ኛ ቆሮንቶስ 4፥16 «የውጭው ሰውነታችን ቢጠፋ እንኳ የውስጡ ሰውነታችን ዕለት ዕለት ይታደሳል» ይላል። ይታደሳል ተደራጊ ነው፣ አዳሹ ሌላ ነው። «ዕለት ዕለት» ደግሞ መደጋገም ነው። የታደሰ ሰው ነገም ይታደሳል። «እኔ አንዴ ተለውጫለሁ» ብሎ ከወቀሳ ውጭ የኖረ አማኝ እንዴት እንደሚደርቅ በዙሪያችን እናያለን። ይህን የምለው በሐዘን ነው።

አባት (ሐዋሳ)

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ አነበብኩ። እኔ ከገብርኤል ደጅ ነኝና የእኛንም ወገን አነጋገር ልጨምር።

እኛ ለነገሩ ያለን ቃል ንስሐ ነው። አማርኛው ንስሐ «ገባ» ማለቱን አስተውላችኋል? ሱባኤ ገባ፣ ገዳም ገባ፣ ቃል ገባ እንላለን። ንስሐም እንደዚያ ነው። ይገቡበታል፣ ይቆዩበታል። የደቂቃ ጸጸት ንስሐ አይባልም። ለዚህም ነው የንስሐ አባት ያለው። ለምእመኑ ወቃሹም፣ አጽናኙም እሱ ነው።

ዳዊትን ደግሞ አትርሱት። በእኛ ቍጥር መዝሙር 50 ነው፣ በሌላው 51። ግእዙ እንዲህ ይላል፦ «ልበ ንጹሐ ፍጥር ሊተ እግዚኦ፤ ወመንፈሰ ርቱዐ ሐድስ ውስተ ከርሥየ።» ሐድስ፣ አድስ ማለት ነው። ግን የት? «ውስተ ከርሥየ»። ከርሥ ሆድ ነው። አማርኛው «በውስጤ» ብሎታል፣ ጥሩ ነው። ሆድ ቢለውም ግን የኛ ሰው ይገባው ነበር። ሆድ ባሰኝ የምንል፣ ነገር በሆዳችን የምንይዝ፣ ታጋሹን ሆደ ሰፊ የምንል ሰዎች ነን። ዳዊት እድሳት የለመነው ቂሙም፣ ምሥጢሩም፣ እንባውም በሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ይህ ጸሎት ከምን በኋላ እንደመጣም አስታውሱ። ነቢዩ ናታን መጥቶ የድሃውን አንዲት በግ ታሪክ ነገረው። ንጉሡ ተቈጣ፣ በማያውቀው ሰው ላይ ፈረደ። ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ዳዊት ናታንን ማስገደል ይችል ነበር። «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ። «ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል» የሚባለው ለዚህ ነው። ወቀሳውን ባይቀበል «ሐድስ» የሚለው ጸሎት ባልኖረንም ነበር።

የአማርኛ መምህር

አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ከርሥን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ።

እርስዎ ደብረ ታቦርን ነሐሴ 13 ቀን ስለሚያከብሩ አንድ ነገር ላንሣ። እኛም ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ታቦር የሚባል ተራራ አለን። ማቴዎስ 17፥2 ጌታ በተራራው ላይ «በፊታቸውም ተለወጠ» ይላል። ሮሜ 12፥2 ለእኛ «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ እንጂ ይህን ዓለም አትምሰሉ» ይላል። አማርኛው ያው ለወጠ ነው። ግሪኩም ላይ ሁለቱ አንድ ግስ ናቸው። ያ ግስ በሐዲስ ኪዳን አራት ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው የማርቆስ 9፥2 የተራራው ታሪክ ነው። አራተኛው 2ኛ ቆሮንቶስ 3፥18 ነው፦ «ያን መልክ እንመስል ዘንድ ከክብር ወደ ክብር እንለወጣለን።» ሮሜ «አትምሰሉ» ሲል ቆሮንቶስ «እንመስል ዘንድ» ይላል። መምሰል አይቀርም፤ ጥያቄው ማንን ነው።

ጠያቂ

ለእህታችን «ወቀሰኝ» በይ እላታለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የጠፋው ልጅ «ወደ ልቡም ተመልሶ» ይላል፣ ሉቃስ 15። «ልብ ገዛ» ከማለት ጋር አንድ ነው?

እህት

ይቀራረባሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። እናቶቻችን «አንተ ልጅ፣ ልብ ግዛ» ሲሉ ገና ያልነበረውን ማስተዋል እንዲያገኝ ነው። «ወደ ልቡ ተመለሰ» ግን ልቡ ድሮም የራሱ ነበር፣ እሱ ነው ከልቡ ርቆ የሄደው። ስለዚህ ወደ አባቱ ከመመለሱ በፊት ወደ ልቡ ተመለሰ።

እዚያው ቁጥር ላይ «የአባቴ ሞያተኞች» የሚለውን ግን ለልጆች ስታነብ ግለጥላቸው። ዛሬ ባለሙያ ስንል የሠለጠነ ሰው ስለሆነ ልጆቹ መሐንዲስ ይመስላቸዋል። እዚያ የተባሉት በቅጥር የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው። ልጁ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» ሊል አስቦ ነበር የመጣው። ቁጥር 19ን እና 21ን አስተያያቸው። ያችን ቃል አባቱ ፊት ሲደርስ አላላትም። አባቱ ቀድሞ ልብስ አምጡ ብሏል።