ዲቪአሬ ላይ ከሞሪሺየስ ሰው ገብቷል?

ባለወፍጮው (ሱሉልታ)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ወፍጮ ቤቴ ያለውን ካሜራ በስልክ ነው የማየው። የዲቪአሩን (ምስሉን የሚቀዳውን ሳጥን) ሎግ፣ ማለትም ማን እንደገባ የሚጽፈውን መዝገብ፣ ሳገላብጥ በ197 ከሚጀምር አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ማታ የገባ ሰው አየሁ። የአሜሪካኖቹ መዝገብ ላይ ስፈልገው «አፍሪኒክ፣ ሞሪሺየስ» አለኝ። እዚያ የማውቀው ሰው የለኝም! ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይስ 197ን በሙሉ ልዝጋ?

ኔትወርከኛ፦ ፖሊሱን ትንሽ አቆየው ወንድሜ። አፍሪኒክ የአፍሪካን አይፒ የሚያድል መዝጋቢ ነው፤ ቢሮው ሞሪሺየስ ስለሆነ ነው እንዲያ ያለህ። አያና የሚባለው የዓለም ማእከል ትልልቅ የአይፒ ጥቅሎችን ለአምስት መዝጋቢዎች ይሰጣል። አፍሪኒክ የኛ፣ ራይፕ የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ፣ አሪን የሰሜን አሜሪካ፤ ኤፕኒክና ላክኒክ እስያንና ላቲን አሜሪካን ይይዛሉ። በ197 የሚጀምረው ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ለአፍሪኒክ ተሰጥቷል፤ እሱ ደግሞ ለየአገሩ ቴሌኮም ይሸነሽነዋል። አንተ የጠየቅከው አሪንን ነው፤ እሱ የሚያውቀው እስከ አፍሪኒክ በር ድረስ ብቻ ነው። ያንኑ ቁጥር አፍሪኒክ ገጽ ላይ ፈልገው፤ የአገሩን መስመር እይ።

ባለወፍጮው፦ ተባረክ። «ኢቲ» ይላል፤ የኛው አገር ነው። እና ማነው?

የለገጣፎዋ፦ ራስህ በሞባይል ዳታ አልገባህም? ዋይፋዩን አጥፍተህ ሞክርና ሎጉን አስተያየው። ቁጥሩ ልክ ባይገጥም አይግረምህ። የድሮው ዓይነት አይፒ (አይፒቪ4) 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ነው ያለው፤ አያና የመጨረሻ ጥቅሎቹን ለአምስቱ አንዳንድ አድርጎ ያደለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አፍሪኒክም ከ2020 ወዲህ ለአንድ ጠያቂ በአንዴ ከ1,024 አድራሻ በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ብዙ ስልክ አንድ አድራሻ ይጋራል፤ በአይፒ ብቻ ሰው መለየት ዘበት ነው።

ካሜራ ገጣሚ፦ 197ን እንዳትዘጋ! ስልክህም እዚያው ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ራስህን ውጭ ታስቀራለህ። ማንም ይሁን ማን ፓስወርዱን ዛሬውኑ ቀይር። ራውተሩ ላይ የከፈትከውን ፖርት (ከውጭ ወደ ዲቪአሩ የሚያስገባውን በር) ዝጋና የካሜራውን አፕ በኪውአር ኮድ ተጠቀም።

ባለወፍጮው፦ በዳታ ስገባ የእኔም አይፒ በ197 ነው የሚጀምረው፤ ጫፉ ብቻ ይለያል። ፓስወርዱን ቀይሬያለሁ። ፖርቱ ግን የት ነው የሚዘጋው?

ካሜራ ገጣሚ፦ ራውተሩ ውስጥ «ፖርት ፎርዋርዲንግ» የሚለውን ፈልግ፤ የዲቪአሩን መስመር ሰርዝ። «ዩፒኤንፒ» የሚለውንም አጥፋው፤ አለዚያ ዲቪአሩ ራሱ መልሶ ይከፍተዋል።