ጥቆማ፦ የቢሮ ሰነድ ለማስቀመጥ የቱ ይሻላል?

አንድ የደሴ ፒያሳ ነጋዴ «ደረሰኞቼን ስካን አድርጌ ዳታቤዝ ውስጥ ልከት ነው፣ በምን ልጀምር?» ብሎ ጠየቀኝ። አብሽር፣ ከነስህተቴ እነግርሃለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ነው ያለን፤ ወረቀት እንደሆነ አያልቅብንም።

መጀመሪያ የያዝነው አክሰስን፣ የማይክሮሶፍትን የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ነው። በፈረንጆቹ 2007 ከወጣው እትም ወዲህ ፋይል በቀጥታ መዝገቡ ላይ ማያያዝ ይቻላል። ደስ ሲል! የደንበኛውን ስም ስትነካ ኢንቮይሱም ዲክላራሲዮኑም (የጉምሩክ መግለጫው) እዚያው አለ። ግን አንድ የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። እኛ ደግሞ ሁሉንም በከለር ስካን እናደርግ ስለነበር አንዱ ገጽ 1 ሜጋባይት ገደማ ይመጣ ነበር። ስምንት ገጽ ያላቸው 250 ዶሴዎች በቂ ናቸው፤ ሞላ። አንድ ቀን ጠዋት አልቀበልም አለን። በሌላ ቀን ደግሞ መብራት ድንገት ሄዶ ፋይሉ ተበላሸ። ሰነዱም ዝርዝሩም አንድ ላይ ሊሄድ ነበር።

አሁን ሰነዱ ተራ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዳታቤዙ የሚይዘው ፋይሉ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ቀለለን። ታዲያ ፎልደሩን ያንቀሳቀሰ ወይም ስሙን የቀየረ ሰው ሊንኩን ሁሉ ይበጥሰዋል። ከአንድ ሰው በቀር ማንም አይነካውም።

ፋይል በሰው ስም አትሰይሙ። «ኃይሉ»ን አንዷ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሃ»፣ ሦስተኛው በ«ኀ» ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። አንድ ዶሴ ጠፋ ብለን ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀን፣ ለካ በሌላው «ሀ» ተቀምጧል! አሁን በቲን ቁጥር ነው የምንሰይመው። 10 አሃዝ፣ አለቀ። ቀን የምትጨምሩ ከሆነ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀድማችሁ ተስማሙ።

ሽያጩንም ሂሳቡንም ሰነዱንም አንድ ላይ የሚይዙ ኦዱ እና ኢአርፒኔክስት የሚባሉ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ነፃ እትም አላቸው። ኦዱ የምታያይዙትን ፋይል ራሱ ከዳታቤዙ ውጪ ያስቀምጠዋል። ግን ሰርቨር ይፈልጋል፣ የሚያውቅ ልጅም ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ይበዛል ባይ ነኝ።

ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፤ ከጂሜይሉና ከፎቶው ጋር ተጋርቶ ነው። ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ደንበኛ ፊት ቆማችሁ ታፍራላችሁ። ቴሌግራምን እንኳ ተዉት፤ ሠራተኛው ሲለቅ ሰነዱም አብሮት ይለቃል።

ስካንን በተመለከተ፣ ለጥቂት ወረቀት ፎቶ ኮፒ ቤት ይበቃል። ፒዲኤፍ፣ 200 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መለኪያ ነው)፣ ያለ ከለር በሉ። ፋይሉን ከኮምፒውተራቸው ላይ ማጥፋታቸውን ቆማችሁ እዩ። ፍላሻችሁም ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ስለሚችል ሳታስፈትሹ ቢሮ አትሰኩት። በየቀኑ የምትሠሩ ከሆነ ግን ወረቀት በራሱ የሚስብ ስካነር ግዙ፤ አንድ በአንድ መገልበጥ ልጅ ያስለቅሳል። ማኅተም ያለበትን ዋናውን ወረቀት ደግሞ እንዳትጥሉ።

እና ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ። ዓርብ ዓርብ ሁሉንም እገለብጥበትና ቢሮ አላሳድረውም። ከእኔ ጋር የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ያድራል።