የጋራ ፕሮፖዛል፣ ሁለተኛ ረቂቅ፦ በመንዝ በግ ፈርስ ውስጥ ያሉ፣ በላብራቶሪ ያላደጉ ባክቴሪያዎች

አስተባባሪ፦ የመንዝን በግ ከቦረና ከብት ጋር ማወዳደሩ ይቅር። እንስሳው፣ ግጦሹና አየሩ አንድ ላይ ስለሚለያዩ ልዩነቱ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ከዚያው በግ ፈርስ በክረምትም በበጋም እንቅዳ። ምን ትላላችሁ?

ናሙና ቡድን፦ ያው በግ በሕይወት የሚቆይ ከሆነማ በአፉ በሚገባ ቱቦ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ፈሳሽ ምራቅ ስለሚበዛበት ይደፋ፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) እዚያው ይለካ፣ ከ7 ካለፈ ወይም ከተዝለገለገ እንደገና ይቀዳ። ቱቦ ግን ውሃውን ስቦ ሣሩን ይተዋል። ምን እንደቀረ ለማየት ከቄራም ጥቂት በጎች ይጨመሩ። መንገድ ላይ ቀልጦ መልሶ የበረደ ብልቃጥ ይጣል፤ እነ ፕሪቮቴላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ቶሎ ይፈርሳሉ።

ላብራቶሪ፦ ረቂቁ ላይ «በሻሽ ይጣራል» የሚለው ይሰረዝልኝ! ፋይብሮባክተር የሚባለው ባክቴሪያ የሣሩ ጭረት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነው፤ ሻሹ ላይ የቀረውን ስንጥል እሱንም ጣልነው። ዲኤንኤ ለማውጣት ፈርሱ እንዳለ 0.25 ግራም፣ ባለ 0.1 ሚሊሜትር ዚርኮኒያ ጠጠር 0.3 ግራም፣ ባለ 0.5 ሚሊሜትሩ 0.1 ግራም፣ 4% ኤስዲኤስ (ሴል የሚፈታ ሳሙና መሰል ነገር) ያለበት ማሟሚያ 1 ሚሊ ሊትር። 3 ደቂቃ ይንቀጥቀጥ፣ በ70 ዲግሪ 15 ደቂቃ ይቆይ። ዝቃጩ ላይ ከዚያው ማሟሚያ 300 ማይክሮ ሊትር ጨምሮ ይደገም፤ ካልተደገመ ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑት ሳይከፈቱ ይቀራሉ። ከውጭ የገባ ዲኤንኤ እንዲታወቅ ፈርስ የሌለበት ባዶ ብልቃጥም አብሮ ይሂድ።

ስሌት፦ ጋሼ፣ እንዲህ ከተናጠ ዲኤንኤው ይከታተፋል፤ ለረጅም ንባብ (ዲኤንኤውን በረጃጅም ቁራጭ ለማንበብ) አይሆነንም። ለእሱ ለስላሳ አወጣጥ የሚሠራበት ሁለተኛ ብልቃጥ ይያዝልኝ። አጭር ንባብ ብቻውን ደግሞ ጣጣ አለው፦ ባክቴሪያ የሚለይበት 16ኤስ ጂን በዝርያዎቹ መካከል ስለሚመሳሰል ንባቦቹ ሲገጣጠሙ ይበጠሳል፣ ጂኖሙም (የባክቴሪያው ሙሉ ዲኤንኤ) ያለ እሱ ይቀራል። ከ90% በላይ ሙሉነት፣ ከ5% በታች ብክለት፣ ለፕሮቲን ሥራ የሚያስፈልጉት ሦስቱ አርአርኤንኤዎች (አንዱ 16ኤስ ነው) እና ቢያንስ 18 ቲአርኤንኤ ካልተሟሉ «ከፍተኛ ጥራት» አንበል።

ናሙና ቡድን፦ ከ16ኤስ ጂን ቪ4 የሚባለውን አጭር ክፍል ብቻ ብናነብስ? ይረክሳል።

ስሌት፦ ለቆጠራ ይበቃል። 250 ፊደል ግን ከጂነስ (ከዝርያ በላይ ካለው ምድብ) በታች አያስተማምንም። «አዲስ» ከማለታችን በፊት በ2018 ከወጡት 501 የሀንጌት (የአመንዣጊ እንስሳት ፈርስ ማይክሮቦች ስብስብ) ጂኖሞችና በ2019 ከታተሙት 4,941 የከብት ፈርስ ማይክሮብ ጂኖሞች ጋር ይነጻጸር፤ ኤኤንአይ (የሁለት ጂኖሞች አማካይ መመሳሰል) 95% ከደረሰ የታወቀ ዝርያ ነው። ካልደረሰና ጥራቱ ከበቃ፣ ከ2022 ጀምሮ ባለው ሲክኮድ (በዲኤንኤ ቅደም ተከተል ስም መስጫ ደንብ) ጂኖሙን ራሱን መነሻ አድርጎ ስም ማስመዝገብ ይቻላል።

አስተባባሪ፦ ተስማማሁ። «ዝርያ» ግን ለበጉም ለባክቴሪያውም እየተጻፈ ገምጋሚ ያደናግራል፤ ለባክቴሪያው ብቻ ይሁን፣ በጉ «የመንዝ በግ» ይባል። ላብራቶሪ፣ የሁለቱን ብልቃጦች ወጪ ለየብቻ ላኩልኝ።