ተክዊላ ቤት ገዛን፤ እሳት አደጋውና ፍሳሹ የማን ነው?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሲያትል ወጥተን ተክዊላ ቤት ከገዛን አምስት ወር ሆኖናል። ሲያትል ሳለን ውኃው፣ ፍሳሹና ቆሻሻው በአንድ የከተማው ቢል ተጠቃሎ ይመጣ ስለነበር ለማን እንደምንከፍል አስበንበት አናውቅም። እዚህ ግን ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች ደረሱን። አንደኛው የንብረት ግብር ማሳወቂያ ሲሆን «ፋየር ቤኔፊት ቻርጅ» የሚል ራሱን የቻለ መስመር አለበት። ሁለተኛው ከተማው ሳይሆን «ስወር ዲስትሪክት» የሚባል መሥሪያ ቤት የላከው የፍሳሽ ቢል ነው። ሦስተኛው ከኪንግ ካውንቲ የመጣ «ካፓሲቲ ቻርጅ» የሚል ነው፤ ቤቱ በ2018 የተሠራ ነው። ሲታክ የሚኖረው ወንድሜ በእሱ የግብር ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ የእሳት አደጋ መስመር እንደሌለ ነግሮኛል። ታዲያ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ እየከፈልን ይሆን? ከዚህም በላይ እናቴ ከእኛ ጋር ስለሚኖሩ፣ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደርስልን ማን እንደሆነ በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፣ ከኬንት ነዋሪ፦
እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ሁለት ጊዜ እየከፈላችሁ አይደለም። ተክዊላ በ2020 ቆጠራ ወደ 22 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የነበራት ትንሽ ከተማ ናት፤ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የእሳት አደጋ አገልግሎቱን በውል የሰጠችው ለፒውጀት ሳውንድ የጋራ የእሳት አደጋ ባለሥልጣን ነው፤ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ደግሞ ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ከተማዋን ከባለሥልጣኑ ጋር ቀላቀላት። ይህ ባለሥልጣን በ2010 በኬንትና በዙሪያዋ ተጀምሮ ጎረቤቶቹን እየጨመረ የመጣ ነው። ከተማዋ ከተቀላቀለች በኋላ ወጪው በከተማው በጀት በኩል ማለፉ ቀርቶ በቀጥታ ከባለቤቱ ይሰበሰባል፤ መስመሩ ለብቻው የሚታየውም ስለዚህ ነው። የወንድምዎ ከተማ ሲታክ ከ2014 ጀምሮ የምትገለገለው በዚሁ ባለሥልጣን ቢሆንም የገባችው በውል ነው፤ ሒሳቡን ከበጀቷ የምትከፍለው ከተማዋ ስለሆነች በወረቀቱ ላይ አይታየውም እንጂ ከሚከፍለው ግብር ውስጥ አለ።

ክፍያው የሚሰላው በቤቱ ዋጋ ሳይሆን በሕንፃው ስፋትና በአገልግሎቱ ዓይነት ነው። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ይህን ክፍያ የሚያስከፍል የጋራ ባለሥልጣን የንብረት ግብሩን ከ1,000 ዶላር የቤት ግምት ላይ ከ1 ዶላር ማስበለጥ አይችልም፤ ክፍያው ባይኖር ጣሪያው 1.50 ነበር። ስለዚህ በቅድሚያ የቤታችሁ ስፋት በትክክል መመዝገቡን አረጋግጡ፤ ስህተት ካለ በጽሑፍ አቤት ማለት ይቻላል። በዕድሜ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የንብረት ግብር ቅናሽ ያገኘ የቤት ባለቤትም፣ እንደ ገቢው መጠን ከዚህ ክፍያ ከፊሉ ይቀነስለታል። የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ውስጥ የምታገለግሉ ካላችሁ ደግሞ፣ የአምልኮ ሕንፃ ከዚህ ክፍያ ነፃ መሆኑን እወቁ።

መልስ፣ ከሬንተን እህታችሁ፦
ወንድሜ፣ ስለ እናትህ ልመልስልህ። 911 ስትደውል የዚህ አካባቢ የእሳት አደጋ ጥሪ የሚያልፈው ቫሊ ኮም በሚባለው የጋራ ማዕከል በኩል ነው፤ የሚላከውም ከሁሉ የቀረበው መኪና ነው፤ የከተማ ወሰን አይታይም። እኔ ራሴ ተክዊላ በነበርኩበት ጊዜ አባቴ ደረታቸውን ይዘው ሲወድቁ ደጃችን የቆመው ቀይ መኪና በጎኑ «ሬንተን» ተጽፎበት ነበር። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆኜ ተሳስተው የመጡ መስሎኝ አድራሻውን ደጋግሜ ጮኬ ነገርኳቸው፤ እነሱ ግን አባቴ አጠገብ ተንበርክከው ሥራቸውን ጀምረው ነበር። እናትህ ብቻቸውን በሚውሉበት ጊዜ የሚደውሉ ከሆነ «አምሃሪክ» ብለው መስመሩ ላይ ይጠብቁ፤ አስተርጓሚ ይገባላቸዋል። አድራሻችሁን በትልቁ ጽፋችሁ ስልኩ አጠገብ ለጥፉላቸው።

መልስ፣ በፍሳሽ ቱቦ ሥራ ላይ የቆየሁ፦
ፍሳሽ ወደ ቁልቁለቱ ይሄዳል እንጂ የከተማ ድንበር አያውቅም፤ የመሥሪያ ቤቶቹ ወሰንም በአብዛኛው ያንን ተከትሎ የተሠመረ ነው። ተክዊላ የራሷ የፍሳሽ መሥመር ቢኖራትም የከተማዋን ከፊል፣ እንዲሁም የሲታክንና የቡሪየንን አንዳንድ ሰፈሮች የሚያገለግለው ቫሊ ቪው ዲስትሪክት ነው። ዲስትሪክቱ ቱቦውን ይይዛል፤ ከተክዊላ የሚወጣው ፍሳሽ በብዛት የሚጣራው ግን ሬንተን በሚገኘው የካውንቲው ማጣሪያ ነው። ቢላችሁን ዘርዝራችሁ ብታዩት የካውንቲውን የማጣሪያ ድርሻ ታገኙታላችሁ።

ይህ የጋራ አሠራር የመጣው በችግር ነው። በ1950ዎቹ በዋሽንግተን ሐይቅ ዙሪያ የነበሩ ትናንሽ ከተሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማጣሪያ ይዘው የሚወጣውን ውኃ ወደ ሐይቁ ይለቁ ስለነበር ሐይቁ በአልጌ ተሸፈነ። በ1958 ሕዝቡ ሜትሮ የሚባል የጋራ ተቋም እንዲቋቋም ድምፅ ሰጠ፤ የሬንተን ማጣሪያ በ1965 ሥራ ጀመረ፤ በ1968 ወደ ሐይቁ ይለቀቅ የነበረው ፍሳሽ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ተዛወረ፤ ሐይቁም ጠራ። ዛሬ በዚያ ሐይቅ ልጆቻችን ሲዋኙ ባየሁ ቁጥር ከተሞቹ ያንን ቱቦ በጋራ ባይዘረጉ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እላለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ከቤታችሁ እስከ ዋናው መስመር ያለው ቱቦ የዲስትሪክቱ ሳይሆን የእናንተ ነው። ቅቤና ዘይት በማጠቢያው አታፍስሱ፤ ሙቅ ሆኖ ሲወርድ ደህና ይመስላል፣ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ሻማ ይጋገራል። ፍሳሽ ወደ ቤት ከተመለሰባችሁ የቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት ለዲስትሪክቱ ደውሉ፤ የተዘጋው ዋናው መስመር ከሆነ ማስከፈቱ የእነሱ ሥራ ነውና። አንድ ጎረቤቴ ይህንን ሳያውቅ ለማይመለከተው ነገር ብዙ ገንዘብ ከፍሏል።

መልስ፣ በቤት ሽያጭ ሥራ ላይ ያለሁ፦
ካፓሲቲ ቻርጁ ከፌብሩዋሪ 1990 ወዲህ ከካውንቲው መሥመር ጋር አዲስ የተገናኘ ቤት ሁሉ ለ15 ዓመት የሚከፍለው ነው። ቤታችሁ በ2018 ከተገናኘ እስከ 2033 ይቀጥላል ማለት ነው። ቀሪውን አንድ ጊዜ ለከፈለ ካውንቲው ቅናሽ ያደርጋል። ሻጩ ለገዢ በሚሰጠው የማሳወቂያ ቅጽ ላይ ከመደበኛው ቢል ውጪ ሌላ የፍሳሽ ክፍያ መኖሩን የሚጠይቅ መስመር ስላለ፣ የእናንተን ቅጽ አውጥታችሁ ምን ተብሎ እንደተሞላ ተመልከቱ።

ከጠያቂው፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅጹን አውጥቼ አየሁት፤ ሻጩ «አዎ» ብሎ ሞልቶት ነበር፣ ያላነበብነው እኛ ነን። ካውንቲው ጋ ደውዬ ቀሪውን ጠቅልለን ብንከፍል ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ እንዲልኩልኝ ጠይቄአለሁ። የቤቱ ስፋት በትክክል ተመዝግቧል። ትናንት ከእናቴ ጋር ግቢውን ዞረን የፍሳሹን መክፈቻ ነጭ ክዳን ከጽጌረዳው ሥር፣ ግማሹ አፈር ለብሶ አገኘነው፤ አጽድተን በዙሪያው ድንጋይ ደረደርንበት። የዲስትሪክቱን ስልክም ከአድራሻችን ጋር በአማርኛ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌላቸዋለሁ።