ከፒያሳ ለገሃር የምትበር ጀግና፦ የሱፐርሂሮ ድራማ ቀረፃ ላይ እርዳታ

ካባ_ለባሽ

ሰላም ለቤቱ። 22 ደቂቃ የሚሆን የሱፐርሂሮ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል እየተዘጋጀ ነው። ዋናው ትዕይንት ላይ ጀግናዋ አመሻሽ ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነስታ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በርራ ለገሃር ታርፋለች። ከዚያ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ጠብ አለ። ልብሷ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው።

ሙከራው ላይ የታዩት ችግሮች፦ በኋላ በሌላ ምስል በሚተካ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ስትቀረፅ የደረቷ አረንጓዴ ከመጋረጃው ጋር አብሮ ጠፋ፣ የካባዋም ጠርዝ ተበላ። መንገድ ላይ ደግሞ የሱቁ መብራትና ማስታወቂያው ሁሉ ይብለጨለጫል። ካሜራው 4ኬ፣ 8 ቢት፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ላይ ነው። በገመድ ማንጠልጠልስ ያዋጣል? የሚወጣው ዩቲዩብ ላይ ነው፤ ጣቢያ ከተገኘ ቲቪም ይታሰባል።

ሻተር_50

ከመብለጭለጩ እንጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። በ24 ፍሬም ሻተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/48 ሰከንድ ሲሆን ከዚህ ምት ጋር አይገጥምም፤ ፍሬሙ ላይ ጥላ እንደ ማዕበል ይንሸራተታል። 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 አድርጉት። ቲቪም 25 ነው የሚፈልገው። የግድ 24 ካላችሁ ሻተሩን በዲግሪ አድርጋችሁ 172.8 ላይ አቁሙት፣ ያው 1/50 ማለት ነው። ለስሎው ሞሽን 50 ፍሬም በ1/100 ይሠራል። 60 እና 120 ከ60 ኸርዝ አገር መብራት ጋር የሚሄዱ ናቸው፤ ማታ ቸርችል ላይ አትንኳቸው። ትልልቆቹ የኤልኢዲ ሰሌዳዎች ግን በራሳቸው ፍጥነት ስለሚበሩ 1/50 ላይም ሊሰነጣጠቁ ይችላሉ። ሻተሩን በትንሽ በትንሹ እየቀየራችሁ ቦታው ላይ ሞክሩ፤ ካልሆነ ሰሌዳውን ከፍሬም አውጡት።

መጋረጃው፦ ልብሱ አረንጓዴ ካለው መጋረጃው ሰማያዊ ይሁን። ዋጋ ግን አለው። የካሜራው ሴንሰር ላይ ለአረንጓዴ የተመደቡት ነጥቦች የሰማያዊውን እጥፍ ስለሆኑ ሰማያዊው በቶሎ ይሻክራል። ስለዚህ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) ዝቅ አድርጉ፣ መጋረጃው ላይ ብርሃን ጨምሩ። ተዋናይዋ ከመጋረጃው ቢያንስ 3 ሜትር ትራቅ፣ አለዚያ የመጋረጃው ቀለም ትከሻዋና ፀጉሯ ላይ ይረጫል። የመጋረጃውና የፊቷ መብራት ለየብቻ ይሁኑ። ጨርቁ በመቆንጠጫ ይወጠር፤ እያንዳንዱ ሽብሽብ ኤዲተሩ ላይ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የካባው ጠርዝ የተበላው በሁለት ምክንያት ይመስላል። አንደኛው ብዥታ ነው፤ ለመጋረጃ ቀረፃ ብቻ 1/100 ተጠቀሙና ብዥታውን በኋላ በሶፍትዌር መልሱ። ሁለተኛው 8 ቢት ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ፒክሰል አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ይመዘግባል። በ4ኬ ቀርፃችሁ በ1080 ብትጨርሱ ጠርዙ በደንብ ይመለሳል።

ገመድ_ያዥ

እኔ መጋረጃም ገመድም ባይኖር እላለሁ። በረራ አይቀረፅም፣ የሚቀረፀው መነሳቱና ማረፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የጀመረው የጆርጅ ሪቭስ የሱፐርማን ተከታታይ ድራማ ላይ እንኳ መነሻው ከፍሬም ውጪ በተደበቀ መስፈንጠሪያ ነበር። የበረራ ምስሉን ደግሞ ክፍል በክፍል እየደጋገሙ ይጠቀሙበት ነበር።

ለእናንተ እንዲህ ይሆናል። አንድ፣ እግሯ ሲያጎነብስ በቅርበት፤ ዙሪያዋ ላይ በደንብ የተነፋ ደረቅ አፈር። ዱቄት አትጠቀሙ፤ አየር ላይ የተበተነ ዱቄት እሳት ካገኘ ይፈነዳል። ሁለት፣ ካሜራው ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ያያል፣ እሷ ከትንሽ ትራምፖሊን ላይ ዘልላ በፍሬሙ አናት ትወጣለች፤ ሰማዩ ንጹሕ ከሆነ እሱ ራሱ መጋረጃችሁ ነው። ሦስት፣ እሷን አታሳዩ፦ የሊስትሮው ጃንጥላ ይገለበጥ፣ ፌስታል ይነሳ፣ ታክሲ ተሳፋሪዎች አንገታቸውን በመስኮት ያውጡ። ኃይሏ የሚታመነው በሦስተኛው ነው፣ ወጪው ደግሞ አንድ የአየር መንፊያ ነው።

ገመድ የግድ ከሆነ ሒሳቡን እወቁ። 70 ኪሎ ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ ከ60 ዲግሪ ቢወዛወዝ፣ ታች ሲደርስ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ጫና 140 ኪሎ ነው፤ ከ90 ዲግሪ ከሆነ 210። ይህ ገመዱ ሳይላላ ሲወዛወዝ ነው፤ ገመዱ ላልቶ ድንገት ሲወጠር ከዚህ በብዙ ያልፋል። የባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ አታስሩ። የወገብ ቀበቶም አይሆንም፤ ሙሉ ሃርነስ (ትከሻም ጭንም የሚይዝ ማሰሪያ)፣ ሁለት የተለያየ ቦታ የታሰረ ገመድ፣ መጀመሪያ በአሸዋ ጆንያ ሙከራ። ስታዲየምና ለገሃር አካባቢ ደግሞ የባቡሩ ሽቦ 750 ቮልት ስለሚሸከም ረጅም የብረት ዘንግም ሆነ የብርሃን ማቆሚያ ወደዚያ አታስጠጉ።

ማስቲሽ

ስለ ልብሱ ባጭሩ። የሰውነት ጋሻው ከጂም የስፖንጅ ምንጣፍ ይሠራ፣ 10 ሚሊሜትሩ ለደረት፣ ለመገጣጠሚያ 5 ወይም ከዚያ የሳሳ። ማስቲሽ ሁለቱም ገጽ ላይ ይቀባና እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው የሚጋጠመው። እርጥቡን የሚያጣብቅ ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ ደረቱ ይከፈትበታል። መስኮት ክፈቱ፣ ጢሱ ያዞራል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ስፖንጁን በሙቅ አየር ማሞቅ፣ ከዚያ የሚለጠጥ የመሠረት ቀለም መቀባት፤ ተራ የግድግዳ ቀለም ክንድ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ካባው በማግኔት ይያዝ እንጂ አንገት ላይ አይታሰር። የሆነ ነገር ቢይዘው ይላቀቅ። ጫፉ ላይ ቀጭን ሰንሰለት ብትሰፉበት ሲወርድ ይከብዳል፤ ያለ ክብደት እንደ ፌስታል ነው የሚንሳፈፈው። ሁለት ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል፣ አንዱ ለስታንቷ (አደገኛውን ለምትሠራላት ምትክ) ስስ ይሁን።

ካባ_ለባሽ

እግዜር ይስጥልን፣ ወደ ሰማያዊው እንሄዳለን። የሚቀረው ከላይ የሚታየው ከተማ ነው። በድሮን ብናነሳው ወይስ ከዚህ በፊት የተቀረፀ የፒያሳ ምስል ብንጠቀም?

ሻተር_50

ድሮን ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ አይታሰብም፣ ያውም ቤተ መንግሥት አጠገብ። አሮጌው ምስልም አይሆንም። ፒያሳ ከ2016ቱ የኮሪደር ልማት በኋላ ሌላ ሰፈር ነው፤ የፈረሰ ቤት ላይ የምታርፍ ጀግና ካሳያችሁ አስተያየቱ ሁሉ ስለ ቤቱ ይሆናል።

ቸርችልን ከታች ወደ ላይ አንሱት። ከለገሃር በኩል በ85 ወይም በ135 ሚሊሜትር ሌንስ (ሩቁን በሚያቀርብ) ስታዩ ዳገቱ መንገዱን እንደ ግድግዳ ያቆመዋል፣ ማዘጋጃ ቤቱ አናቱ ላይ ይቀመጣል። ድሮን አያስፈልግም። ከዚያ ሲታይ ፀሐይ የምትጠልቀው በግራ ነው፤ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ስትቀርፁም ዋናው ብርሃን ከግራ ይምጣ። ይህን የረሳ ቡድን ጀግናው ተለጥፎ የሚታየው ለምን እንደሆነ አይገባውም።

ፀሐይዋ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ውስጥ ትጠልቃለች፣ ከዚያ ያለው ውብ ሰማያዊ ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ልምምዱን 11 ሰዓት ላይ ጨርሱ።

ወንበር_ከኋላ

ስለ ተመልካች ማንም አላነሳም። አብዛኛው ሰው በስልክ ነው የሚያየው፣ ብዙ ጊዜም ብርሃን ባለበት ቦታ። የኮሪደሩን ጠብ ጨለማ ውስጥ አታስገቡት፤ ሞኒተር ላይ ውብ የነበረው ጥላ ስልክ ላይ ጥቁር ወረቀት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሱፐርሂሮ ድራማ ዴርዴቪል ሁለተኛ ክፍል ላይ ያለውን የኮሪደር ጠብ እዩት። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ይቆያል፣ ብዙው ምት በር ውስጥ ይደበቃል፣ ጀግናው ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል። ጭንብል ስላለው ተዋናዩንና ስታንት ማኑን መለዋወጥም ይቻላል። ያ ትዕይንት የተወደደው ጀግናው ስለደከመ ነው፣ ይህ ደግሞ በነፃ የሚገኝ ኢፌክት ነው።

ድምፅ፦ ጭንብል ውስጥ የሚወራ ንግግር ይታፈናል። ቦታው ላይ የተቀዳውን ለመመሪያ ብቻ ያዙት፣ ብርድ ልብስና ጋቢ በተሰቀለበት ክፍል እንደገና ይቀዳ። የአጥንት ስብራት ድምፅ የሚወጣው ከጥቅል ጎመን ነው፣ የጡጫ ከቆዳ ትራስ። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች እምብዛም ስለማያወጣ የማረፊያዋ ጉርምርምታ ብቻውን ይጠፋል፤ ከ200 እስከ 400 ባለው ውስጥ አንድ ድብደባ ጨምሩበት።

ከሁሉም በላይ ግን ተመልካቹ ደካማ ኢፌክት ይቅር ይላል፣ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ አማርኛ ግን አይምርም። «ይህችን ከተማ አድናታለሁ» ብላ የምትፎክር ጀግና ፒያሳ ላይ ያስቃል። ክፉው ሰው ሲዝት እንደ ደላላ ተረጋግቶ ይዛት። ከመውጣቱ በፊት ለ10 ሰው ምንም ሳትነግሯቸው በስልካቸው አሳዩ፤ አስተያየት አትጠይቁ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ያነሱበትን ደቂቃ ጻፉ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ካነሳ ያ ቦታ ይቆረጣል። ከወጣ በኋላም ከላይክ ይልቅ የዩቲዩቡን የቆይታ ግራፍ እዩ፤ የሚወድቅበትም የሚያብጥበትም ሰከንድ ምክንያት አለው።

ካባ_ለባሽ

የድምፁ መጠን ለዩቲዩብም ለቲቪም አንድ ይሁን?

ወንበር_ከኋላ

አይሁን። ለቲቪ −23 ላፍስ (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ላይ ጨርሱ፣ ለዩቲዩብ ሌላ ፋይል −14 አካባቢ አውጡ። ዩቲዩብ የጮኸውን ይቀንሳል እንጂ ያነሰውን አይጨምርም፤ የቲቪውን ፋይል እንዳለ ብትጭኑት ከሱ በፊት ከሚመጣው ማስታወቂያ አንሶ ይሰማል። ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑ 1080ውን ወደ 4ኬ አሳድጋችሁ ጫኑት፣ የተሻለ ኮዴክ (ቪዲዮ ማመቂያ) ይደርሰዋል፤ የአመሻሹ ሰማይም ቶሎ አይሸነሸንም።