ድጎማ የማይወስድ የግል ኮሌጅ በኮታ ይገደድ? የህንድ ክርክር

አወያይዋ፦ ህንድ በካስት ሥርዓት፣ ማለትም በትውልድ በሚወረስ የማኅበራዊ ደረጃ ክፍፍል፣ ለተገፉ ወገኖች የትምህርት ኮታ አላት። በፌዴራል ተቋማት ለዳሊቶች (በዚህ ሥርዓት «የማይነኩ» ይባሉ ለነበሩት) 15 በመቶ፣ ለነባር ጎሳዎች 7.5፣ ለሌሎች ወደ ኋላ ለቀሩ መደቦች 27። ከመንግሥት ሳንቲም የማይቀበል የግል ኮሌጅስ ይገደድ ወይ? ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጥራ።

የኮሌጅ ሥራ አስኪያጁ፦ አይገደድም ባይ ነኝ። በ1993 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግል ኮሌጆች ግማሹ ቦታ በመንግሥት ዋጋ ይሰጥ ብሎ ነበር። ምን ሆነ? አንዱ ተማሪ የሌላውን ወጪ ተሸከመ። በ2002 የዚያው ፍርድ ቤት 11 ዳኞች ያንን አሠራር ሻሩት። በ2005 ደግሞ ሰባት ዳኞች በኢናምዳር መዝገብ፣ መንግሥት በማይደጉመው ኮሌጅ ላይ ኮታ መጫን አይችልም አሉ። ውጤት ያመጣ ይግባ፣ አለቀ።

ጠበቃው፦ አላለቀም ወንድሜ። ፓርላማው ወዲያው ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። አንቀጽ 15(5) ድጎማ የሚያገኙትንም የማያገኙትንም ያካትታል። የተተዉት የአናሳ ማኅበረሰቦች ተቋማት ብቻ ናቸው። በ2008 አብዛኞቹ ዳኞች የማይደጎሙትን ጉዳይ በይደር አቆዩት። ዳኛ ዳልቪር ባንዳሪ ግን ማሻሻያው እነሱን ሲነካ የሕገ መንግሥቱን መሠረት ይጥሳል ብለው ጻፉ። በ2014 አምስት ዳኞች በፕራማቲ መዝገብ አንቀጹን ሙሉ በሙሉ አጸኑት። «አይቻልም» የሚለው መከራከሪያ እዚያ ላይ ተዘግቷል።

ሥራ አስኪያጁ፦ ቢሆንም አንቀጹ ሕግ ማውጣት ይቻላል ነው የሚለው፤ ይውጣ አላለም። የ2006ቱ የፌዴራል የኮታ ሕግም እኛን አልነካም።

በህንዷ ፑኔ ከተማ የተማረችው፦ እኔን የሚያሳስበኝ ክፍያው ነው። የዳሊት ልጅ የሕክምና ኮሌጅ ቦታ አገኘ እንበል። ማን ይከፍልለታል? በ2009ኙ ሕግ የግል ትምህርት ቤቶች 25 በመቶ ቦታ ለድሃ ልጆች ሲሰጡ፣ መንግሥት ራሱ በአንድ ልጅ ከሚያወጣው ሳያልፍ ይመልስላቸዋል። ኮሌጅ ላይ ነገሩ በየግዛቱ ይለያያል። አንድራና ቴላንጋና ክፍያ ይሸፍናሉ፤ ገንዘቡ ሲዘገይ ግን ጭንቁ ተማሪው ላይ ያርፋል። ያለ ክፍያ የተሰጠ ኮታ ለዚያ ልጅ ምኑም አይደል።

ሥራ አስኪያጁ፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው እኮ፤ መንግሥት ይክፈል!

ፑኔ የተማረችው፦ ይክፈል፣ እስማማለሁ። ግን «ውጤት ብቻ» የሚሉትን ተዉት፣ ጋሼ። የጠቀሱት የ2005ቱ ውሳኔ እስከ 15 በመቶ ቦታ በውጭ ለሚኖሩ ህንዳውያን ልጆች ፈቅዷል። እነሱ በውድ ይከፍላሉ፣ ውጤታቸው ዝቅ ቢልም ይገባሉ። ያኔ ስለ ውጤት ማን ጮኸ?

ጠበቃው፦ ይሄን ልጨምርልሽ። እነዚያው ዳኞች ከነሱ የሚሰበሰበው ገንዘብ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ይዋል ብለዋል። እንግዲህ ኮሌጆቹ መጀመሪያ የዚያን ገንዘብ ሒሳብ ለሕዝብ ያሳዩ።