ፖላንድኛ በእንግሊዝኛ በኩል አልገባ አለኝ

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። በመስከረም መጨረሻ ለትምህርት ፖላንድ እሄዳለሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለሱቁና ለአውቶቡሱ ግን የአገሩ ቋንቋ ያስፈልጋል አሉኝ። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለሆነ ዱዎሊንጎ በሚባለው የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያ ጀመርኩ። ይኸው 2 ወሬ፣ «ይቅርታ» እንኳ ማለት አቃተኝ። ያ ሁሉ ፊደል ያለ አናባቢ ተደርድሮ ሳየው ስልኩን ወርውሬ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ። የተማረ ካለ፣ ከየት ልጀምር?

መንዜው፦
አይዞህ ወንድሜ። የመሀል ሜዳ ልጅ ነኝ፤ አሁን ዉች የምትባል ከተማ መጋዘን እሠራለሁ። ስሟን ካርታ ላይ ብታየው «ሎድዝ» ብለህ ነው የምታነበው። ችግርህ እሱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ዓይን እያነበብክ ነው። እኔም ግማሽ ዓመት ያቃጠልኩት እንደዚያ ነው።

ፊደላችንን አውጣ። ድምፁ እኮ እኛ ቤት አለ። ሽ፣ ች፣ ዥ፣ ኝ እንኳ ሳይቀር። እነሱ በሁለት ፊደል የሚጽፉትን ሽ እኛ ባንዱ እንገላገለዋለን። ያስፈራህ «ይቅርታ» ይኸውልህ፦ ፕሼፕራሻም። «ደህና ዋልክ» ጄኝ ዶብሪ፣ «አመሰግናለሁ» ጄንኩዬ።

ስም 7 ዓይነት መልክ አለው ብለውም ያስፈራሩሃል። «ቡናው ፈላ»፣ «ቡናውን ጠጣሁ» ትል የለ? ያቺ «ን» ናት። ቡና ካቫ ነው፤ ስትጠጣው ካቬ ይሆናል። የቀረው እያደር ይለመዳል። ትልቅ ሰውም አንተ አይባልም። ወንዱን ፓን፣ ሴቷን ፓኒ ብለህ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ አድርገህ ነው የምታናግረው። የእኛን እርስዎ በለው። እንግሊዝኛ ይሄን ከየት ያመጣዋል?

እኔን ያዋረደኝ ሌላ ነው። «ነበርኩ» ለወንድ ቢዌም፣ ለሴት ቢዋም ነው። ቋንቋውን የለቀምኩት ከአሮጊቷ አከራዬ ስለነበር፣ ወር ሙሉ መጋዘን ውስጥ እንደ ሴት ሳወራ ከረምኩ። አንድም ያረመኝ የለም፤ ሲስቁ ነው የከረሙት።

የአንኮበር ሰው፦
በፊደል መጀመሩ ጥሩ ነው፤ ግን ቶሎ ተወው። እነሱ ሁለት ዓይነት ሽ፣ ሁለት ዓይነት ች አላቸው፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ያለ። በእኛ ጽሑፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። ተሸፋፍነህ ከከረምክ ጆሮህ አይለያቸውም። ያነበብከውን ሁሉ በድምፅ ስማው። ስለ ብርዱ ለጠባሴ ልጅ አልነግርም።

የጠባሴ ልጅ፦
ፕሼፕራሻም! ወጣልኝ እኮ፤ እናቴ ማንን እንደምረግም ጠየቀችኝ። ግን መንዜው፣ «ወንድሜ» ያልከኝ ሴት ነኝ። እና ቢዋም ለእኔ ልክ ነው ማለት ነው?

መንዜው፦
ይቅርታ እህቴ! አዎ፣ ላንቺ ልክ ነው። ምናለ የእኔን አከራይ ላንቺ በሰጠሁሽ።